ሳሩ ረዝሟል፣ ወተቱ ግን ቀንሷል፦ የዝሆኔ ሳር ችግርና መፍትሄ

ዝሆኔ ሳር ለከብት መኖ የተከለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቁመቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የቅጠሉ ዕድሜ ነው እላለሁ። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የመሥራት አቅሙ (ትምህርት ቤት ብርሃን አስተፃምሮ ያልነው) ዕድሜውን ሙሉ እኩል አይደለም። ገና ብቅ ሲል ከሌሎቹ ቅጠሎች እየተቀበለ ነው የሚያድገው። ተዘርግቶ ሲያልቅ ጉልበቱ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው።

ምልክት፦ ሳሩ የሰው ቁመት አልፏል። ላሟ ቅጠሉን ለቅማ አገዳውን ትተወዋለች። ወተት ቀንሷል።

ምክንያቱ የዘገየ አጨዳ ነው። ማሳው ውስጥ ግቡና ሳሩን በእጃችሁ ግራና ቀኝ ክፈቱት። ላይ ላዩ አረንጓዴ ነው። ወረድ ስትሉ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ከመሬት አጠገብ ያለው ደግሞ ደርቆ አገዳው ላይ ተለጥፏል። ያረጀ ቅጠል ክሎሮፊሉ (አረንጓዴ ቀለሙ) ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑንም ለአዲሶቹ ይሰጣል። በዚያ ላይ የላይኞቹ ጥላ ያርፍበታል። ዝሆኔ ሳር እንደ ጤፍና በቆሎ ጠራራ ፀሐይ የሚወድ ተክል ስለሆነ ጥላ ይጎዳዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ከላይ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ከታች አሮጌው ይሞታል። የሚጨምረው አገዳው ነው፤ አገዳ ደግሞ ሲያረጅ እንጨት እንጂ መኖ አይሆንም። "ትንሽ ይቆይና ይብዛልን" ማለት ለላሟ አያዋጣም።

መፍትሄው፦ 1 ሜትር ገደማ ሲደርስ እጨዱ። በዝናብ ወቅት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እዚያ ይደርሳል። ግን ቀን ከመቁጠር የታችኛውን ቅጠል ማየት ይሻላል። ቢጫ መሆን ከጀመረ ሰዓቱ ደርሷል። ማሳውን በመደብ ከፋፍላችሁ በየተራ ካጨዳችሁ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ለጋ ይሆናል። ያለፈበትን አገዳ አትጣሉት፤ አድቅቃችሁ ከትፋችሁ ከፋጉሎ ወይም ከፉርሽካ ጋር ስጡ። ለደሾ ሳርም ነገሩ ያው ነው። ሮደስ ሳር ግን ማበብ ሲጀምር ነው የሚታጨደው።

ምልክት፦ ከታጨደ በኋላ ቶሎ አያቆጠቁጥም። ቡቃያው ሳስቷል።

ብዙ ሰው ማዳበሪያ አነሰው ይላል። ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ጉቶውን እዩት። ከመሬት ጋር እኩል ከተላጨ ምግብ የሚሠራ ቅጠል አልቀረለትም። አዲሱ ቡቃያ የሚነሳው ጉቶውና ሥሩ ውስጥ ካለው ስኳር ነው፤ የቁጠባ ደብተር በሉት። አዲሶቹ ቅጠሎች ተዘርግተው ወጪውን ሳይተኩ ድጋሚ ካጨዳችሁ ደብተሩ ባዶ ይሆናል። እንዲህ እየተደጋገመ ሲሄድ ሳሩ ይሞታል፣ ቦታውን አረም ይወርሰዋል። በጣም አርፍዳችሁ ካጨዳችሁም ተመሳሳይ ጣጣ አለ፦ ጥላ ውስጥ የቆየው ጉቶ ነጣ ያለ ነው፣ የቀሩለት ቅጠሎችም ድንገት ያገኙትን ፀሐይ አይችሉትም።

ስለዚህ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀሩ፤ ስንዝር አይሞላም። ካጨዳችሁ በኋላ ፍግ ወይም ዩሪያ ስጡ። ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ እንጂ ደረቅ ላይ አትበትኑ። ጥጃም አታስገቡ፤ የምትፈልገው ያቺኑ ለጋ ቡቃያ ነው።

ምልክት፦ ሳሩ ገና አጭር ነው፣ ግን ቢጫ ሆኗል።

ቢጫው የት እንዳለ እዩ። የታችኛው ቅጠል ብቻ ከሆነ የናይትሮጅን ረሃብ ነው፤ ተክሉ አሮጌውን ያለጊዜው እያስረጀ አዲሱን ይመግባል። ፍግና ዩሪያ ይመልሰዋል። አዲሱ ቅጠል ከገረጣና አሮጌው ደህና ከሆነ ግን ዩሪያ አትጨምሩ፤ የጎደለው ድኝ ወይም ብረት ሊሆን ስለሚችል አፈሩን አስመርምሩ።

ከታጨደ በኋላ ቅጠሉ ትንንሽ፣ ቡቃያው ብዙና ድንክ ሆኖ ከገረጣ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። በኬንያና በኡጋንዳ ብዙ ማሳ ያበላሸው የዝሆኔ ሳር ማቀጨጭ በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። መድኃኒት አትፈልጉለት፤ ከነሥሩ ንቀሉት። ከዚያ ማሳ ቁራጭ ወስዳችሁ አትትከሉ፣ ለጎረቤትም አትስጡ።

ምልክት፦ ቀትር ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል።

ጠዋት ተዘርግቶ ካገኛችሁት ብዙም አያሳስብም። ጠዋትም እንደተጠቀለለ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል፤ ድርቅ ደግሞ ቅጠሉን ያስረጀዋል። ውሃ ከሌላችሁ 1 ሜትር እስኪሞላ አትጠብቁ፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ እጨዱና ለላሟ ስጡ።