ሞላው አልጨመቅ ሲላችሁ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። አባከስ በሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ላይ ሁለት ሳህን መካከል ያለ ሞላ ሊጨምቅ ነው። "ጋሼ፣ ስድስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ገና ከመነሻው ይቆማል" አለኝ። ምን እንደቀየረ ስጠይቀው የፈራሁትን መለሰ። ትንሹን ኢንክሪመንት (የጭነት እርምጃ) ማሳነስ፣ አሁንም ማሳነስ።

ኧረ በናታችሁ ይሄን ነገር ተዉት! ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚሠራው የሶፍትዌሩ ክፍል) ጭነቱን በትንንሽ እርምጃ ነው የሚያስገባው። አንዱ እርምጃ አልሳካ ካለው ወደ ሩብ ያሳጥረዋል፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ካቃተው ይቆማል። የእርምጃው ርዝመት ከሆነ ችግሩ፣ ማሳነስ ይረዳል። የሚይዘው የሌለው ሞዴል ግን በሚሊዮን ቢከፋፈልም ሚዛን አያገኝም። ቶለራንሱን (ሶልቨሩ የሚታገሰውን የስህተት መጠን) የምታላሉትማ ከዚህም ብሳችኋል። 0.5 በመቶ የተባለው ያለምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የመልእክት ፋይሉን ክፈቱ። የትኛው ኖድ (የሞዴሉ ነጥብ) እንዳስቸገረ በቁጥሩ ጽፎላችኋል።

ከፈትነው። ልጁ የላይኛውን ሳህን የሚገፋው የኃይል መጠን ሰጥቶ ነው፤ በሳህኑና በሞላው መካከል ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። እስኪነካኩ ድረስ ሳህኑን የሚመክት ምንም ነገር የለም። ፍሪክሽንም (ሰበቃ) ስላልሰጠ ሞላው እንደ እንዝርት ለመሽከርከር ነፃ ነው። ክፍተቱን ዘጋን፣ መሽከርከሩን በአንድ ኖድ ያዝን፣ በኃይል ፈንታ በሚሊሜትር ገፋነው። ሮጠ።

በኃይል መግፋት እኔንም ሦስት ቀን አስለቅሶኛል። ሳህን የመሰለው ቤልቪል ሞላ ነበር። የሾጣጣው ከፍታ ከውፍረቱ 1.41 እጥፍ ሲበልጥ ኃይሉ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። በኃይል ስትገፉት ጫፉ ላይ ሶልቨሩ ቀጥሎ የሚረግጥበት ቦታ ያጣል። እኔ ደግሞ ሜሹን (ሞዴሉ የተከፋፈለበትን መረብ) እያጠራሁ ነበር! በርቀት ብትገፉት ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ብዙዎቹ ተደራርበው ከሆነ ይሄም ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ሪክስን (ኃይሉንና ርቀቱን አብሮ የሚፈልገውን የስሌት ዘዴ) ሞክሩ።

ስታቢላይዜሽን (ሞዴሉን የሚያረጋጋ ሰው ሠራሽ ዳምፒንግ፣ ማለትም እንቅስቃሴ የሚገታ ኃይል) አብርታችሁ አለፈላችሁ? ከመደሰታችሁ በፊት በዳምፒንጉ የባከነውን ኢነርጂ ሞላው ካከማቸው ስትሬን ኢነርጂ ጋር አነጻጽሩ። ከጥቂት በመቶ በላይ ከሆነ ኃይሉን የተሸከመው ሞላው ሳይሆን ዳምፒንጉ ነው።

ላርጅ ዲፎርሜሽን (የቅርጹን ትልቅ ለውጥ የሚያሰላው አማራጭ) ይብራ። ይሄን አልደግመውም።

ከላብራቶሪ የመጣውን የስትሬስ ሰንጠረዥ እንዳለ አትለጥፉት። ሶልቨሩ የሚፈልገው ትሩ ስትሬስና (ኃይሉ ለወቅቱ ስፋት ሲካፈል) ፕላስቲክ ስትሬን (የማይመለሰው የቅርጽ ለውጥ) ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ስትሬን ዜሮ ይሁን። ሰንጠረዡ ቶሎ ካለቀ ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብረቱ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ኮንቨርጀንሱም (ስሌቱ መልስ ላይ መድረሱ) አብሮ ይሄዳል።

ከሮጠ በኋላስ? የሞላውን ግትርነት በእጅ አስሉት። ሺር ሞዱለስ (ብረቱ ለመጠምዘዝ ያለው ግትርነት) በሽቦው ዲያሜትር 4ኛ ፓወር ይባዛል። ከዚያ ለ8፣ ለአማካይ ዲያሜትሩ 3ኛ ፓወርና ለሚሠሩት ዙሮች ብዛት ይካፈላል። የልጁ ሞላ ሽቦው 2 ሚሊሜትር፣ አማካይ ዲያሜትሩ 20፣ የሚሠሩት ዙሮች 8 ናቸው። በ79,000 ሜጋፓስካል 2.47 ኒውተን በሚሊሜትር ይመጣል። የሱ ሲሙሌሽን ያወጣው 2 ገደማ ነው።

"ዙሮቹን ቁጠራቸው" አልኩት። 10 ናቸው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ጎረቤታቸው ላይ ማረፍ ነበረባቸው፤ በዙሮቹ መካከል ኮንታክት (የመነካካት ትእዛዝ) ስላልሰጠ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ዘልቆ እያለፈ እነሱም ሥራ ገብተዋል። ላፕቶፑን ታቅፎ ተመለሰ።