ዶርዶኝ ውስጥ የገጠር ቤት ለምትከራዩ፦ ከገበያው ቀን ጀምሩ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ፣ ፈረንሳዮች «ጂት» የሚሉትን የገጠር ቤት የተከራየ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር ምግብ ነው። ብዙ ሱቆች እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ዝግ ናቸው። ምግብ ቤቶቹም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ምሳ ያቀርባሉ፤ ከዚያ የዘገየ ጦሙን ይውላል።

ስለዚህ የጉብኝት ዕቅዳችሁን በገበያ ቀናት መሠረት አውጡ። ሳርላ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ለቡግ ማክሰኞ፣ ዶም ሐሙስ፣ ሴን ሲፕሪየን እሑድ ጠዋት ገበያ አላቸው። ማለዳ ዳቦ፣ እንጆሪና ካቤኩ የምትባለውን መዳፍ የማትሞላ ክብ የፍየል አይብ ግዙ። ከዚያ ሌላው ሰው ምሳ ሲቀመጥ እናንተ ወደ ካስቴልኖ ግንብ ውጡ። በአውሮፓ በጋ ግንቡ ለምሳ ስለማይዘጋ፣ በዚያ ሰዓት ወረፋውም የመኪና ማቆሚያውም ይቀላል። ከላይ ሆናችሁ የዶርዶኝን ወንዝ ተሻግሮ የቆመውን የቤናክ ግንብ ስታዩ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በተካሄደው የመቶ ዓመቱ ጦርነት ሁለቱ ግንቦች ለምን እንደተፋጠጡ ያለ አስጎብኚ ይገባችኋል። ምሳችሁንም ከወንዙ ዳር ብሉ።

በሐምሌና በነሐሴ ሳርላ ከረፈደ መኪና ማቆሚያ አይገኝም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ። አይብ ለመግዛት ካሰባችሁ የበረዶ ቦርሳ ያዙ፤ የመኪና ውስጥ ሙቀት ያቀልጠዋል። የጥንታዊው ባለ ሥዕል ዋሻ ቅጂ የሆነው ላስኮ 4 ግን የመግቢያ ሰዓቱ በቲኬቱ ላይ ስለሚወሰን በምሳ ሰዓት የመሄዱ ዘዴ እዚያ አይሠራም፤ አስቀድማችሁ ቁረጡ።