ስለ ቆዩ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማዎች አስቂኝ ፖድካስት ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እኔና ጓደኛዬ ጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ከፊታችን አስቀምጠን ስለ ቆዩ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማዎች በአማርኛ እያዋዛን ማውራት ከጀመርን ወዲህ፣ ተመሳሳይ ፖድካስት ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ደጋግመው ይጠይቁናል። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የየራሳቸው ጠባይና ተሰጥኦ የሚወስነው ስለሆነ ለመናገር እቸገራለሁ፤ ምን ማድረግ እንደሌለባቸው ግን በሥራው ውስጥ ያየሁት ነገር በመሆኑ ዘርዝሬ ልጽፈው እችላለሁ።

የአሠራሩን ድህነት መሳቂያ ማድረግ

አዲስ አዘጋጅ ስታር ትሬክን ከፍቶ ሲመለከት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶን ግድግዳውና በጎማ ጭምብሉ ላይ ነው፤ ስለዚህም የመጀመሪያ ቀልዱ «ይህንን ደግሞ ጭራቅ ብለው አመጡት!» የሚል ይሆናል። አድማጭ አንድ ጊዜ ይስቃል፣ በሁለተኛው ፈገግ ይላል፣ በሦስተኛው ዝግጅት ግን ቀልዱ ያው አንዱ መሆኑን ስለሚያውቅ መስማቱን ይተዋል። ከዚህም በላይ ቀልዱ ፍትሐዊ አይደለም። ስታር ትሬክ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ መታየት ሲጀምር በየሳምንቱ አዲስ ዓለም መፍጠር የሚጠበቅበት፣ በጀቱ ግን የተመጠነ ድራማ ነበር። ሰዎች ከጠፈር መርከቡ ተሰውረው ፕላኔቱ ላይ የሚገለጡበት ዝነኛው ማጓጓዣ የተፈጠረው መርከብ ሲያርፍ በየጊዜው መቅረጽ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ ነው። የመርከቡ ሐኪም ዶክተር ማኮይ በበሽተኛው ደረት ላይ ከሚያንቀሳቅሳቸው የሕክምና መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የጨው መነስነሻዎች ነበሩ። ዶክተር ሁ የተባለው የእንግሊዝ ድራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው «ዘ አርክ ኢን ስፔስ» በተባለው ታሪክ፣ የሰው እጅ ወደ ነፍሳት አካልነት ሲለወጥ ለማሳየት የተጠቀመው ዕቃ እንዳይሰበር የሚጠቀለልበትን ባለ አረፋ ፕላስቲክ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ነው። እነዚህ ሰዎች እጃቸው ላይ ባለው ነገር የሌለውን ዓለም ሠርተዋል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሳውቅ የመጣልኝ አድናቆት እንጂ ሳቅ አይደለም።

ሳቁ መምጣት ያለበት ከገጸ ባሕርያቱና ከገቡበት ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1967 የተላለፈውን «አሪና» የተባለውን የስታር ትሬክ ክፍል ልጥቀስ። ካፒቴን ከርክ እንሽላሊት ከሚመስለው የጎርን መርከብ አዛዥ ጋር መሣሪያ በሌለበት ፕላኔት ላይ ለብቻቸው ተጥለው እንዲፋለሙ ይደረጋል፤ ከርክም የባሩድ ቅመሞች የሆኑትን ድኝ፣ ጨው ጴጥሮስና ከሰል ፈልጎ አግኝቶ፣ በቀርከሃ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አልማዝን እንደ ጥይት በመጠቀም መድፍ ይሠራል። ድብድቡ ዝግ ያለ፣ ጭምብሉም የማይንቀሳቀስ ስለሆነ በእነዚህ መቀለድ ቀላል ነበር። ጓደኛዬ ግን ሌላ ነገር ያዘ። ከብርሃን በሚፈጥን መርከብ የሚጓዘው ካፒቴን ነፍሱ በከሰል ላይ መንጠልጠሏን ካስረዳ በኋላ፣ ጅማ ውስጥ ቡና የምታፈላ እናት ሁሉ ከሰሉን በእጇ መዝና፣ አንዱን ከሌላው አጋጭታ ድምፁን ሰምታ እንደምትለይ አስታወሰና፣ ከርክ ከሰሉን ከመሬት ሲያነሣ እናቱ ከጀርባው ቆመው «ልጄ፣ ይሄ እርጥብ ነው፤ ያጨስብሃል፤ መልሰው» ሲሉት አሰማን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ክፍል ያለ እናቱ ድምፅ ማየት አልቻልኩም። ቀልዱ ታሪኩን አላቃለለም፤ ይልቁንም ከርክ ምን ያህል እንደ ተቸገረ ይበልጥ እንዲታየን አደረገ።

ያላየውን ሰው እንዳየ መቁጠር

ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ ስለምናወራው ክፍል ከኛ አፍ ከሚሰሙት በቀር የሚያውቁት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ታሪኩን ሳይነግሩ ወደ ቀልድ መግባት እንግዳን ሳያስተዋውቁ ስለ እርሱ ማማት ይሆናል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተትም ያው ጎጂ ነው፤ አንዳንዱ አዘጋጅ ደግሞ ከመክፈቻው ሙዚቃ እስከ መዝጊያው ጽሑፍ ድረስ ትዕይንት በትዕይንት ይተርካል። ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን ፈለገ፣ ምን አገደው የሚሉት አራት ጥያቄዎች በሁለት ደቂቃ ከተመለሱ ለቀልድ የሚሆን መሬት ተደላድሏል ማለት ነው።

ፍጻሜያቸው ድንገት የሚገለበጥ ድራማዎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረውና 156 ክፍሎች የነበሩት ቱዋይላይት ዞን የዚህ ዓይነት ነው። «ታይም ኢናፍ አት ላስት» በተባለው ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ማንበብ እጅግ የሚወድ፣ ሚስቱና አለቃው ግን የሚከለክሉት የባንክ ሠራተኛ አለ። ባንኩ ካዝና ክፍል ውስጥ ተደብቆ ሲያነብ በውጭ ቦምብ ይወድቅና እርሱ ብቻውን ይተርፋል፤ የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት ሁሉ ለብቻው አግኝቶ በደስታ ሊያነብ ሲል መነጽሩ ወድቆ ይሰበራል። ይህን ክፍል «ዛሬ ስለዚያ ስለ መነጽሩ ሰውዬ እናወራለን» ብሎ የሚጀምር አዘጋጅ የደራሲውን ድካም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠፋዋል። መነጽሩን መደበቅም አይገባም፤ ሰውየውን ስናስተዋውቅ ከኮቱና ከጢሙ ጋር አብረን ወፍራም መነጽሩን አንድ ጊዜ እንደ ዋዛ ጠቅሰን እናልፋለን፤ ሲሰበርም አድማጩ ራሱ ያስታውሰዋል።

የቃል ጨዋታን ቃል በቃል መተርጎም

ብዙ አዘጋጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው። ቱዋይላይት ዞን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 ያስተላለፈው «ቱ ሰርቭ ማን» የተባለ ክፍል አለ። ካናሚት የሚባሉ ቁመተ ረጃጅም ፍጡራን ወደ ምድር መጥተው ረኀብንና ጦርነትን ያስቀራሉ፤ አንድ መጽሐፍም ትተው ይሄዳሉ። የመጽሐፉ ርእስ አስቀድሞ ሲፈታ በጎ ሐሳብን የሚገልጽ ሆኖ ይገኛል፤ ሰዎችም ተማምነው ወደ እነርሱ ፕላኔት ለመጓዝ በመርከባቸው ይሳፈራሉ። በመጨረሻ ውስጡ ሲነበብ ግን መጽሐፉ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው «ሰርቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ሰውን በትጋት መርዳትንም፣ ምግብ አድርጎ ገበታ ላይ ማኖርንም የሚያመለክት በመሆኑ ላይ ነው።

አሁን ርእሱን «ሰውን ማገልገል» ብለን ብንተረጉመው ሁለተኛው ትርጉም በድንበሩ ላይ ይቀራል። አዘጋጁ «በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ሌላም ፍቺ አለው» እያለ ማስረዳት ይጀምራል፤ ሰምቶ የሚስቅ ግን አይኖርም። እኛም ሦስት ምሽት ሙሉ በዚሁ ተቸግረን ነበር። መፍትሔው የመጣው ጓደኛዬ በልጅነቱ ከአያቱ ዘንድ ቅኔ ሲነገር ይሰማ ስለነበር ነው፤ «የምንፈልገው ትርጉም አይደለም፤ ኅብር ነው» አለኝ። ኅብር ሰምና ወርቁን በአንድ ቃል የሚይዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ አማርኛ ሞልቶታል። ያገኘነውም «ማቅረብ» የሚለውን ነበር። ሰውን ማቅረብ ማለት በሰሙ ሰውን ወደ ራስ ማስጠጋት፣ ወዳጅ ማድረግ ነው፤ «ባዕድ አላለኝም፣ አቀረበኝ» እንደምንለው ማለት ነው። በወርቁ ደግሞ ለማዕድ ማቅረብ ነው።

ቀረጻው ላይ ርእሱን «ሰውን ማቅረብ» ብዬ ሳነብ ምንም ማብራሪያ አልሰጠሁም። ጓደኛዬ «ለመሆኑ እንግዶቹ ሰውን እንዴት አድርገው ነው የሚያቀርቡት?» ሲል ጠየቀኝ፤ እኔም «ሞቅ አድርገው ነዋ!» ብዬ መለስኩለት። በዚያ ሰዓት አድማጭ ይህን እንደ መልካም አቀባበል ይሰማዋል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የመጽሐፉ ምንነት ሲገለጥ ግን ንግግሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መልክ ይይዛል። ኅብር ካልተገኘ ደግሞ ያን ቀልድ ጥሎ በዚያው ትዕይንት ውስጥ ሌላ መፈለግ ይሻላል እንጂ የሞተ ቀልድ ተሸክሞ መዞር አይገባም።

በአስቂኝ ክፍል ላይ ሳቅ መደረብ

አንዳንዱ ክፍል ራሱ ኮሜዲ ሆኖ የተጻፈ ነው። ትሪብል የተባሉ ፀጉራም ፍጡራን እህል እየበሉ መርከቡን እስኪሞሉት የሚዋለዱበት የስታር ትሬክ ክፍል አንዱ ነው፤ ከርክ የጎተራውን በር ሲከፍት እላዩ ላይ የሚዘረገፉት ትሪብሎች ማሟያ አይፈልጉም። በእንዲህ ያለው ላይ የአዘጋጁ ድርሻ በጥሩ ቋንቋ መተረክ ብቻ ነው።

ለጭራቁ የጎረቤትን አነጋገር መስጠት

በምንም መንገድ የማልደራደርበት ስህተት ይህ ነው። ጅማ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ዳውሮኛው፣ ከፍኛው፣ የምኛውና ጉራጊኛው በአንድ ገበያ የሚሰማባት ከተማ ናት፤ ድምፅ ማስመሰል የሚችል አዘጋጅም ለክፉው ፍጡር የአንዱን ማኅበረሰብ የአማርኛ አነጋገር ቢሰጠው ሳቅ እንደማያጣ ያውቃል። ሳቁን ያገኛል፤ ነገር ግን ያንን አነጋገር ከእናቱ የተማረ አድማጭ በዚያች ደቂቃ ከቤቱ የተባረረ ያህል ይሰማዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1969 የተላለፈ አንድ የስታር ትሬክ ክፍል ፊታቸው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ሁለት ሰዎችን ያሳያል። የአንዱ ጥቁር ጎን የሌላው ነጭ ጎን ነው፤ በዚህ ብቻ እስከ ሞት ይጠላላሉ። ወገኖቻቸው ተላልቀው ፕላኔታቸው ወና ሆና ሲያገኟት እንኳ መሳደዳቸውን አይተዉም። ስለዚህ ክፍል እያወሩ ለሁለቱ ሰዎች የሁለት ጎረቤት ሕዝቦችን አነጋገር መስጠት ድራማው የተጻፈበትን ጉዳይ አለመረዳት ነው። እኛ ለባዕድ ፍጡራን ድምፅ ስንፈልግ ፍጥነቱን እንለውጣለን፣ በባዶ እንስራ ውስጥ እንናገራለን፤ የማንንም አነጋገር አንነካም።

ዘመንንና ቃልን ማዛባት

ስታር ትሬክ የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1966 ነው ስንል በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዶክተር ሁ የጀመረበት እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1963 ደግሞ ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ይሆናል። «በ66 የወጣ» ብሎ ማለፍ አድማጩን ወደ አብዮቱ ዘመን ይወስደዋል። «ስፔስ 1999» በተባለው ድራማ ጨረቃ ከምሕዋሯ የምትወጣበት ቀን እንኳ በኛ መስከረም 2 ቀን 1992 ዓ.ም. እንጂ የሚሌኒየማችን ዋዜማ አይደለም። የሁለቱ አቆጣጠሮች መራራቅ ጥሩ ቀልድ ይወጣዋል፤ የሚወጣው ግን አዘጋጁ ራሱ ስሌቱን በትክክል ሲያውቀው ነው።

ዝነኛ ንግግሮችንም ማጣራት ያስፈልጋል። ከርክ መሐንዲሱን ስኮቲን ወደ መርከቡ እንዲያወጣው የሚያዝበት፣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ዐረፍተ ነገር፣ በዚያው ቃልና ቅደም ተከተል በመጀመሪያው ድራማ 79 ክፍሎች ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነገረም። ክፍሎቹ የተላለፉበት ቅደም ተከተልም ከተሠሩበት የተለየ ስለሆነ፣ «ገጸ ባሕርዩ ለምን ባንድ ጊዜ ተለወጠ?» ብሎ ከመቀለድ በፊት ይህን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት የዶክተር ሁ ክፍሎች ደግሞ ቢቢሲ ቅጂዎቹን በመደምሰሱና በማስወገዱ ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው ጠፍቷል፤ ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች ቤታቸው በቴፕ ስለቀዱት ነው። ያልታየን ትዕይንት እንዳዩ አድርጎ መሳቅ ውሸት ነው።

ድምፅን ችላ ማለት

ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ማይክሮፎን አያሸንፈውም። ክረምት ላይ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል እኛ የምንቀርጸው ማለዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢ እንሰቅላለን፣ መስኮቱን በፍራሽ እንደፍናለን። ፋይሉን በስቴሪዮ፣ ማለትም በሁለት የድምፅ መስመር፣ አክብዶ መጫንም አድማጭን ይጎዳል፤ ንግግር ብቻ ለሆነ ዝግጅት በአንድ የድምፅ መስመር 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ በቂ ሲሆን፣ የ40 ደቂቃ ዝግጅት 19 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ይህን ከቴሌግራም ቻናል በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ተማሪ ልዩነቱን በኪሱ ያውቀዋል።

ከኢንተርኔት የተለቀመ የተዘጋጀ ድምፅ መደርደርም አልወድም። የዶክተር ሁ የጊዜ መርከብ ሲነሣ የሚሰማው ያ የሚያቃስት ድምፅ የተገኘው ብራያን ሆጅሰን የተባለው የቢቢሲ ባለሙያ የቤት ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ሽቦዎች ላይ ፍቆ ከቀዳው በኋላ ነው። እኛ ፒያኖ ስለሌለን የጓደኛዬን ክራር አምጥተን፣ የበሩን ቁልፍ በወፍራሙ አውታር ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለን ፈቅን፣ የቀዳነውንም በግማሽ ፍጥነት አጫወትነው። መርከቡ ተነሣ፤ አውታሩ ግን በሦስተኛው ሙከራ ተበጠሰ፤ ስለዚህ መለዋወጫ አውታር መግዛት ያስፈልጋል።