ጠጅ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጣል

ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል። ለጠጅ ብቅል መፍጨት፣ አሻሮ መቁላት፣ ድፍድፍ መደፍደፍ የለም፤ ማር፣ ውሃና ጌሾ ካለ በቂ ነው። እንዲህ ቀላል ሆኖም ብዙ ጠጅ ይኮመጥጣል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአየር ነው፦ ጠጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አየር ይፈልጋል፣ መፍላቱን ሲጨርስ ግን ያው አየር ወደ አቸቶ ይለውጠዋል።

የሚያስፈልገው

2 ኪሎ ማር፣ 150 ግራም የጌሾ እንጨት፣ 4 ሊትር ከሩብ ያህል ውሃ፣ ቢያንስ 8 ሊትር የሚይዝ እቃ፣ ንጹህ ነጭ ጨርቅ። 2 ኪሎ ማር ወደ 1.4 ሊትር ስለሚሆን ልኬቱ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው። ይህ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ይሰጣል። ደረቅ ያለ የሚወዱ ውሃውን ወደ 5 ሊትር ተኩል ያድርሱት፤ ለጀማሪም የሚሻለው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ማሩ ሲበዛ እርሾው ይከብደዋል።

ማሩ ሰፈፉ ያልወጣለት፣ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጌሾው እንጨቱ ይሁን፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው። እንጨቱን በአጭር በአጭሩ ሰባብረው፣ አቧራው እስኪለቅ አጥበው በፀሐይ ያድርቁት።

እቃው ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። አልሙኒየም አይሆንም፤ ጠጅ አሲድ ስላለው ብረቱን እየበላ ጣዕሙን ያበላሻል። እንስራ ከሆነ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ፣ ፍም ላይ የወይራ ስንጥር ጥለው አፉን በጭሱ ላይ ደፍተው ያጥኑት። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ በፈላ ውሃም አይታጠብ፣ ይጣመማል።

ብርዙን መበረዝ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፍልተው ያቀዝቅዙት። ለብ ሲል፣ ማለትም እጅ ሲነከርበት የማያቃጥል ሲሆን፣ ማሩን ጨምረው ከታች ምንም ሳይቀር እስኪሟሟ ያማስሉ። በሙቅ ውሃ መበረዝ ሥራውን ቢያፈጥንም ከማሩ ጋር የመጣውን እርሾ ይገድላል፣ ሽታውንም ይወስዳል።

አፉን በጨርቅ ሸፍነው፣ 20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ 3 ቀን ያቆዩት። በቀን አንዴ ያማስሉት፤ አየር የሚፈለገው አሁን ነው። ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በሦስተኛው ቀን በማንኪያ ገፈው ያውጡት።

ጌሾ መጨመር

ከብርዙ 1 ሊትር ቀድተው ከጌሾው ግማሹን ጨምረው በቀስታ 15 ደቂቃ ያፍሉት። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ከነጌሾው ወደ እቃው ይመልሱት። ቀሪውን ግማሽ ሳይፈላ እንዲሁ ይክተቱት። ሁሉንም ማፍላት ስህተት ነው፦ የፈላው ምሬቱን ቶሎ ሲሰጥ፣ ያልፈላው እርሾ ይዞ ይገባል።

በ1 ወይም በ2 ቀን ጌሾው ዙሪያውን ነጭ አረፋ ይዞ ይነሳል። ጆሮን ወደ እቃው ጠጋ ሲያደርጉ፣ ዝናብ ሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ የእርሾው ጋዝ ነው። ለ5 ቀን በየቀኑ እያማሰሉ ጌሾውን ወደ ታች ይድፈቁት። ከላይ ተንሳፍፎ የደረቀ ጌሾ ሻጋታ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ከዚያ በየቀኑ ይቅመሱ። ምሬቱ ከጣፋጩ ጋር ሲመጣጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ጌሾውን ያውጡ። በጣም የመረረን ጠጅ ማር ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን እንደገና ይፈላል።

ማጥለልና ማክረም

ጌሾው ከወጣ በኋላ ጠጁን በጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ንጹህ እቃ ያዛውሩ። እቃው እስከ አንገቱ ይሙላ። ከዚህ ጀምሮ አያማስሉ፣ ለመቅመስም በየሰዓቱ አይክፈቱ። ጋዙ ግን መውጫ ይፈልጋል፦ በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ዙሪያውን በሊጥ ደፍነው፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩት። አረፋው ይወጣል፣ አየር አይገባም።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ በውሃው የሚወጣው አረፋ ይቆማል፤ ብርድ በሆነበት አገር ይዘገያል። ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ የጠራውን ቀድተው በጠርሙስ ያድርጉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። አረፋው ሳይቆም በጠርሙስ ጥብቅ አድርጎ መክደን አደገኛ ነው፤ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ክዳኑን ላላ ያድርጉት፣ ብርድ መፍላቱን ያዘገየዋል እንጂ ሁልጊዜ አያቆመውም።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጌሾ ከገባ 3 ቀን አልፎ ካልፈላ፣ ወይ ቦታው ቀዝቅዟል፣ ወይ ማሩ በዝቷል፣ ወይ ማሩ በፋብሪካ ሞቆ የተጣራ ነው። ውጭ አገር ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ማር አብዛኛው እንዲህ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የወይን እርሾ በለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ይጨምሩ፤ የዳቦም ይሠራል፣ ጣዕሙ ግን ትንሽ ይከብዳል።

አቸቶ አቸቶ ከሸተተ አየር ገብቶበታል፤ አይመለስም፣ ለሰላጣ ይጠቀሙበት። ፀጉር ያለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካዩ ገፎ መጠጣት የለም፣ ሙሉውን ይድፉት። ድፍርስ መሆኑ ብቻ ግን ብልሽት አይደለም፤ ጉሽ ነውና ሌላ ሳምንት ይስጡት።