ያለ እንቁላልና ወተት የሚጋገር ኬክ መሃሉ ሲሰምጥ

ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚጋገረው የኮኮዋ ኬክ፣ በአሜሪካ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ድቀትና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራሽን ዘመን ጋር ስሙ የሚነሣ ሲሆን፣ ለእኛ ደግሞ ለጾም የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስጋግረው ግን ኦቭን ውስጥ በፍጥነት ከነፋ በኋላ መሃሉ ይሰምጥ፣ ከሥሩም ሊጥ ሊጥ ይል፣ አፍ ላይ የሳሙና ጣዕም ይተው ነበር።

በቅድሚያ የመጋገሪያውን ጊዜ ባራዝም ዳርዳሩ ደረቀ እንጂ መሃሉ አልተነሣም። ቤኪንግ ሶዳ መጨመርም የሳሙናውን ጣዕም አባሰው። የተፈጨ ሙዝ ጣዕሙን አሻሻለ፤ መስመጡን ግን አላስቀረውም።

ጉዳዩ የከፍታ ነበር። ከተማዋ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሶዳውና አቼቶው የሚፈጥሩት ጋዝ ሊጡ በስሎ ከመጽናቱ በፊት ከመጠን በላይ ይነፋዋል፤ ደግፎ የሚያቆመው እንቁላልም የለም።

ስለዚህ ለ1½ ኩባያ ዱቄት የታዘዘውን 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ወደ ¾ ዝቅ አደረግሁ፤ ከ1 ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሼ፣ በ1 ኩባያ ውሃ ላይ ያንኑ ያህል ጨመርሁ። 3 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋው፣ ½ የሻይ ማንኪያ ጨዉ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይቱና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶው አልተነኩም። አቼቶው ሶዳውን እንደነካ አረፋ መሥራት ስለሚጀምር፣ ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ አማስሎ ቀድሞ በ190 ዲግሪ የጋለ ኦቭን ውስጥ ወዲያው መክተት ያስፈልጋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ መሃሉ ላይ የሰካሁት ስንጥር ደርቆ ወጣ።