ለሚፈጥን መኪና ኢንቴክ ማኒፎልድ እንዴት እንደሚመረጥ፦ አልሙኒየም ወይስ ፕላስቲክ?

ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረ መኪና የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ደሴ ሲገባ ይደክማል። ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። መኪና ማስሮጥ የሚወድ ሰው በዚህ ይናደዳል። ከዚያ አንድ ወዳጁ ይመጣና "ያን ፕላስቲክ ማኒፎልድ አውልቀህ አልሙኒየም ግጠምበት፣ ታያለህ" ይለዋል። ማኒፎልድ የሚለው አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን አካል ነው።

እኔ ተርቦ ከሌለው አትንኩት ባይ ነኝ። ምክንያቱ ከአመራረጡ ጋር አብሮ ይመጣል።

1. ያላችሁን እወቁ

ኮፈኑን ክፈቱ። ከአየር ፊልትሮው የመጣውን አየር ከስሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጡ ከሚከፈተው የአየር በር) ተቀብሎ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የታሰረው ባለ ብዙ ቱቦ አካል ኢንቴክ ማኒፎልድ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸው የድሮ ኮሮላዎች የአልሙኒየም አላቸው። ቪትዝና ያሪስ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የፕላስቲክ ነው። ካልለያችሁት በቁልፍ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት፤ ድምፁ ይናገራል። ማግኔት አትሞክሩ፣ አልሙኒየምንም አይዝም።

ፕላስቲክ ስላልነው አትናቁት። ከመስታወት ቃጫ ጋር የተደባለቀ ናይለን ነው። ናይለን 66 የሚባለው ዓይነት የሚቀልጠው 260 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክብደቱም በተመሳሳይ መጠን ከአልሙኒየም ግማሽ ያህል ነው። በ1997 የወጣው ኮርቬት፣ ያ የተከበረ የውድድር ስም ያለው መኪና፣ ኤልኤስ1 ሞተሩ ላይ የናይለን ማኒፎልድ ነበረው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የተመረጠው። ውስጡ ለስላሳ ስለሚወጣ አየሩ ሳይደናቀፍ ያልፋል።

2. የሙቀቱን ወሬ በልኩ ያዙት

አልሙኒየም ሙቀትን ከናይለን በመቶዎች እጥፍ ያስተላልፋል። የቴስታታው ሙቀት ወደ ማኒፎልዱ ይወጣል፣ ማኒፎልዱ ደግሞ አየሩን ያሞቃል። የሞቀ አየር ስስ ነው። በዚህ በኩል ፕላስቲክ ያሸንፋል።

ግን ነዳጅ እስከ ጥግ ስትረግጡ አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ለመሞቅ ጊዜ የለውም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፒያሳ መሀል ተዘግቶባችሁ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ስትቆሙ፣ ወይም የጋለ መኪና አቁማችሁ ወዲያው ስታስነሱ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ቆላ የምትወርዱ ከሆነም ይሰማችኋል። ስለዚህ ጤነኛ አልሙኒየም ያለው ሰው ለሙቀት ብሎ ብቻ ፕላስቲክ ፍለጋ አይሂድ።

ስካነር ሰክታችሁ የሚገባውን አየር ሙቀት ማየት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፦ ብዙ መኪና ላይ ያ ሴንሰር ያለው ፊልትሮው አጠገብ ነው፣ ከማኒፎልዱ በፊት። እዚያ ያለ ሴንሰር ስለ ማኒፎልዱ ሙቀት ምንም አይነግራችሁም። ይህን ሳያዩ "ለወጥኩት፣ ሙቀቱ ግን አልቀነሰም" የሚሉ አሉ።

3. የቱቦውን ርዝመት ከምትነዱበት መንገድ ጋር አስተያዩ

ከብረቱ ይልቅ ጉልበቱን የሚወስነው ይሄ ነው። ረጅምና ቀጠን ያለ ቱቦ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል። አጭርና ሰፊው የሚሠራው ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲጮህ ነው። ለውድድር ተብለው የሚሸጡ የአልሙኒየም ማኒፎልዶች አብዛኞቹ አጭር ቱቦ ያላቸው ናቸው።

ሐረጎን አስቡት። ጥምዝ፣ ዳገት፣ ከፊት የጫነ መኪና፣ ከዚያ እንደገና ጥምዝ። ሞተሩን ከፍተኛ ዙር ላይ ይዛችሁ የምትቆዩበት ቦታ የለም። አጭሩን ማኒፎልድ ገጥማችሁ ከጥምዙ ስትወጡ መኪናው ይንቀረፈፋል፤ ገንዘብ ከፍላችሁ ጉልበት ቀነሳችሁ ማለት ነው።

4. ተርቦ ካለ ወይም ልታስገቡ ካሰባችሁ

እዚህ ጋ ሐሳቤን እለውጣለሁ። የፕላስቲክ ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ተለያይተው የተሠሩ ክፍሎች በሙቀት ተበይደው የተጋጠሙበት ነው። ደካማው ቦታ ያ ስፌት ነው። ከፋብሪካ ተርቦ ይዘው የወጡ ፕላስቲኮች ለተሠሩበት ግፊት ይበቃሉ። ተርቦ ላልነበረው ሞተር የተሠራውን ግን ብዙ ግፊት ስትጨምሩበት፣ ወይም ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ፣ ስፌቱ ሊፈነዳ ይችላል።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። አንዳንድ የተርቦ መኪና ኮምፒውተሮች እንዳይለወጥ የሚጠብቁት የማኒፎልዱን ጠቅላላ ግፊት ነው። ጠቅላላው 1.6 ባር ነው እንበል። ባህር ጠረፍ ላይ ውጪው 1 ባር ስለሆነ ግድግዳው የሚሸከመው ልዩነት 0.6 ነው። ደሴ ላይ ውጪው ወደ 0.75 ይወርዳል፣ ልዩነቱ 0.85 ይሆናል። ያው ማኒፎልድ፣ ያው ፕሮግራም፣ ግን ስፌቱ ላይ ያለው ጫና ጨምሯል። ከፋብሪካው በላይ ግፊት ለሚጨምር ሰው አልሙኒየም ይሻላል። ቢሰነጠቅ በአርጎን ይበየዳል፣ ተጨማሪ ኢንጀክተር ወይም ሴንሰር ማስገቢያም ይበሳል። ፕላስቲክን በማጣበቂያ መጠገን የሚሉትን አትስሙ።

5. ዕቃውን ስትገዙ

ብዙው ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የሚገኘው። በስልክ አዝዛችሁ በአውቶቡስ ከማስላክ አንድ የሚያውቅ ሰው እዚያው ቢያየው ይሻላል። ፕላስቲክ ከሆነ ስፌቱን በሙሉ በባትሪ ብርሃን ይይ። የሞተር ውሃ በውስጡ የሚያልፍ ዓይነት ከሆነ እጥፍ ይጠንቀቅ። የፎርድ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር የናይለን ማኒፎልድ የታወቀ ችግሩ እዚያው የውሃ መተላለፊያው ላይ መሰንጠቅ ነበር፤ ኋላ ያን ክፍል በአልሙኒየም ቀየሩት።

አልሙኒየም ከሆነ ቴስታታው ላይ የሚቀመጠውን ፊት ቀጥ ባለ ብረት ይለካ፤ የተጣመመ ከሆነ ሬክትፊካ (በማሽን ተልጎ መስተካከል) ይፈልጋል። የውሃ መንገድ ካለው በዝገት የተበላ መሆኑን ይይ፤ ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጨምር ሰው መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው። አዲስ፣ ርካሽና ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከመግጠም በፊት ውስጡን በደንብ እጠቡት። የቀረ አሸዋ ወይም የብረት ብናኝ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚገባው።

6. ስትገጥሙ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ባትሪውን ንቀሉ፣ የቤንዚኑን ግፊት አስወጡ። የቴስታታውን ቀዳዳዎች በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፤ አንዲት ዳዶ ገባች ማለት ቴስታታ ማውረድ ነው። ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። የፕላስቲኩ የጎማ ጓርኒሲዮን ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፣ ሲሊኮን አይቀባም። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ በቶርክ ቁልፍ በሞተሩ መጽሐፍ ልክ አጥብቁ። "እጄ ያውቀዋል" የሚል መካኒክ አልሙኒየም ላይ ሊያመልጥ ይችላል፣ ፕላስቲክ ላይ ግን ይሰብረዋል።

ከዚያ አየር የሚያስገባ ቦታ እንዳለ ፈትሹ። በጭስ መሞከር ከሁሉ ይሻላል። በጋለ ሞተር ላይ ካርብሬተር ማጽጃ መርጨት እሳት ነው፣ ተዉት። የቫኪዩም ጌጅ (የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ) ከተጠቀማችሁ መጽሐፉ ላይ ያለው ከ18 እስከ 22 ኢንች የሚለው ለባህር ጠረፍ መሆኑን አትርሱ። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ይላል። መርፌው ከዚያ በታች ከቆመ፣ ሚኒሞውም ካልረጋ፣ መጀመሪያ የምታዩት አዲሱን ጓርኒሲዮንና የቫኪዩም ጎማዎቹን ነው።