የፖሊኢትሊን ፊልም ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ ሞለኪውሉ ቅርንጫፍ

ፌስታልና የማሸጊያ ፊልም በሚነፋ ማሽን ላይ ጥሬ ዕቃ ተቀይሮ ችግር ሲነሳ፣ ብዙ ኦፕሬተሮች ቀድመው የሚያመሳክሩት ኤምኤፍአይ የሚባለውን የፍሰት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ2.16 ኪሎ ግራም ጭነት፣ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚወርድ ብቻ ነው። በማሽኑ ውስጥ ግን የቀለጠው ፕላስቲክ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ይገፋል፤ ከዳዩ፣ ማለትም ቅርጽ አስይዞ ከሚያወጣው የማሽኑ አፍ፣ ሲወጣም ይለጠጣል። ስለዚህ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ጥሬ ዕቃዎች የተለያየ ጠባይ ቢያሳዩ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ቅርንጫፋቸውን፣ ማለትም ከረጅሙ የሞለኪውል ሰንሰለት ወደ ጎን የሚወጡትን ሰንሰለቶች፣ መመርመር ይሻላል።

ከፍተኛ ግፊት ባለው ዘዴ የሚመረተው ኤልዲፒኢ (ዝቅተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን) ረጃጅምም አጫጭርም ቅርንጫፎች አሉት። ኤልኤልዲፒኢ (ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያለው ዝቅተኛ እፍጋት ፖሊኢትሊን) በምርቱ ጊዜ አብረውት ከሚገቡት ከቡቲን፣ ከሄክሲን ወይም ከኦክቲን የሚያገኛቸው አጫጭሮቹን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ኤችዲፒኢ (ከፍተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን) ደግሞ ቅርንጫፉ እጅግ ጥቂት ነው። አጫጭሮቹ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው እንዳይደረደሩ ስለሚከለክሉ እፍጋትንና የመቅለጫ ሙቀትን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የፍሰቱን ጠባይ በእጅጉ የሚለውጡት ግን ረጃጅሞቹ ናቸው።

ፊልሙ ሻካራ ሆኖ ሲወጣ

ከኤልዲፒኢ ወደ ኤልኤልዲፒኢ በተዛወረ ማሽን ላይ ፊልሙ ይደበዝዛል፤ በጣት ሲዳሰስም ፍሰቱን አቋርጠው የተደረደሩ ጥቃቅን ሸንተረሮች ይሰማሉ። ረጃጅም ቅርንጫፍ ያለው ፕላስቲክ በፍጥነት ሲገፋ በቶሎ ይቀጥናል፤ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያለው ግን እንደወፈረ ስለሚቆይ በዳዩ ግድግዳ ላይ ያለው ጫና ከፍ ይላል። ይህ ጫና ወደ 0.1 ሜጋፓስካል ሲደርስ፣ ከግድግዳው ተላቆ በድንገት የሚፈጥነው ገጽ ከዳዩ መውጫ ጠርዝ፣ ከከንፈሩ ላይ መቀደድ ይጀምራል። የሞተሩ አምፔር አብሮ መጨመሩም ከዚሁ መንስኤ ነው።

ዘላቂው መፍትሄ የዳዩን ክፍተት ማስፋት ነው፤ ለኤልዲፒኢ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሚበቃው ክፍተት ለኤልኤልዲፒኢ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ዳይ መቀየር ካልተቻለ የከንፈሩን ሙቀት ከፍ ማድረግ፣ የምርት ፍጥነትን መቀነስ ወይም ፍሎሮፖሊመር ያለበት ማለስለሻ መጨመር ይቻላል። ማለስለሻው ሥራውን የሚሠራው ግድግዳውን ቀስ በቀስ ሸፍኖ ስለሆነ፣ ለውጡ ወዲያው አልታየም ተብሎ መጠኑን መደራረብ አይገባም።

ፊኛው ሲወዛወዝ

ረጃጅም ቅርንጫፎች እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ኤልዲፒኢ በተለጠጠ መጠን ይጠነክራል፤ የሳሳው ቦታ ይበልጥ እንዳይሳሳ የሚጠብቀውም ይኸው ነው። ኤልኤልዲፒኢ ይህ አቅም ስለሚጎድለው ፊኛው፣ ማለትም ከዳዩ ወጥቶ በአየር የተነፋው የፊልም ቱቦ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ውፍረቱም ይዛነፋል። የቅልጡን ሙቀት ዝቅ አድርጎ የማቀዝቀዣውን አየር ማስተካከል ይረዳል፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ ኤልዲፒኢ መቀላቀል ግን ከሁሉም የበለጠ ውጤት እንዳለው አምናለሁ። ፊልሙ በጣም ቀጭን ሆኖ ሲሳብ የሚበጠስ ከሆነ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ መጠንከሩ ስለበዛ የኤልዲፒኢው ድርሻ ይቀነስ።

ፌስታሉ ወደ ታች ሲሰነጠቅ

ሰንሰለቶቹ ወደ መሳቢያው አቅጣጫ ተለጥጠው ሳይላሉ ሲረጉ፣ ፊልሙ በዚያው መስመር በቀላሉ ይቀደዳል። ረጃጅም ቅርንጫፍ ለመላላት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ፊልሙ የሚረጋበትን መስመር ከፍ ማድረግና የፊኛውን ስፋት ከዳዩ ስፋት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ማድረስ ይጠቅማል። በቡቲን የተሠራውን ኤልኤልዲፒኢ በሄክሲን ወይም በኦክቲን በተሠራው መተካት ለመቀደድ ያለውን ጥንካሬ በግልጽ ያሻሽላል።

ከዳግም ጥቅም የመጣ ጥሬ ዕቃ ሲጎረብጥ

ፖሊፕሮፒሊን ደጋግሞ ሲሞቅ ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ፖሊኢትሊን ግን ብዙ ጊዜ ሰንሰለቶቹ ተያይዘው አዲስ ረጃጅም ቅርንጫፍ ያወጣል። ኤምኤፍአዩ ይወርዳል፤ መያያዙ ሲበዛም የማይቀልጡ ጄሎች በፊልሙ ላይ እንደ ፍሬ ይታያሉ። ማጣሪያ መቀየር ለጊዜው ብቻ ይረዳል። የኦክሳይድ መከላከያ መጨመር፣ ሙቀቱን መቀነስና ሞቆ የቆመ ማሽን ውስጥ ፕላስቲክ እንዳይቀመጥ ማድረግ ግን ጄሉ ከመነሻው እንዳይፈጠር ያግዛል።